የአውሮፕላናችሁን ኤዲ (የበረራ ብቃት መመሪያ) ራሳችሁ እንዴት ትከታተላላችሁ?

አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር እንደ እቁብ በየወሩ እያዋጡ አንዲት የድሮ ሴስና 172 ሊገዙ ነው። ደስታው ከድምፁ ይሰማል። «ሎግቡኩ (የጥገና መዝገቡ) ላይ ‹ኤዲ በሙሉ ተፈጽሟል› ተብሎ ተፈርሟል። ሌላ ምን የሚያሳስብ ነገር አለ?» አለኝ።

«የትኛው ኤዲ? መቼ? በስንት ሰዓት ላይ? ምን ተደርጎ?» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ «እሱ የመካኒኩ ጉዳይ አይደል እንዴ?» አለ።

ሥራው የመካኒኩ ነው፤ ዕዳው ግን የባለቤቱ ነው። የአሜሪካ የአቪዬሽን ሕግ በክፍል 91 ቁጥር 403 ላይ ነገሩን በግልጽ ይናገራል። አውሮፕላኑን ለበረራ ብቁ አድርጎ የመያዝ ቀዳሚው ኃላፊነት የባለንብረቱ ወይም የኦፕሬተሩ ነው። ኤዲዎችን ማስፈጸምም እዚያው ውስጥ ተጠቅሷል። ክፍል 39 ደግሞ ይጨምርበታል፦ የሚመለከታችሁን ኤዲ ሳታስፈጽሙ ከበረራችሁ፣ እያንዳንዱ በረራ ለብቻው አንድ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል። አሥር ጊዜ ከተነሳችሁ አሥር ጥፋት ማለት ነው።

ስለዚህ ለዚያ ወዳጄ በስልክ በጥድፊያ የነገርኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። የምናገረው አሜሪካ ውስጥ ተመዝግባ የጭራ ቁጥሯ በ«ኤን» ስለሚጀምር፣ ለግል ስለሚበርባት ትንሽ አውሮፕላን ነው። ጭራው ላይ «ኢቲ» የተጻፈበት ከሆነ አለቃችሁ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። አውሮፓ ከተመዘገበ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኢያሳ፣ ነው። አሠራሩ ግን ይመሳሰላል። በዓለም አቀፉ ስምምነት መሠረት አውሮፕላኑ የተነደፈበት አገር ችግሩን ለሌሎቹ ያሳውቃል፤ የተመዘገበበት አገርም ተቀብሎ ያስፈጽማል።

ከመጀመራችን በፊት ሦስት ወረቀቶችን እንለይ

ኤዲ ማለት የበረራ ብቃት መመሪያ ነው። ስሙ መመሪያ ይሁን እንጂ ሕግ ነው። የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ የሆነው ኤፍኤኤ አንድ ዓይነት አውሮፕላን፣ ሞተር፣ ፕሮፔለር ወይም ዕቃ ላይ አደገኛ ነገር ሲያገኝ፣ ያው አደጋ በሌሎች ተመሳሳዮቹም ላይ ሊደርስ ይችላል ብሎ ሲያምን ያወጣዋል።

ሰርቪስ ቡለቲን የፋብሪካው ደብዳቤ ነው። ብዙ ጊዜ በትልቁ «ግዴታ» ተብሎ ይጻፍበታል። ለግል የሚበር ሰው ግን ኤዲ ካልደገፈው በስተቀር በሕግ አይገደድበትም። ይህን ስትሰሙ ቡለቲኑን ወርውራችሁ እንዳትጥሉ። ብዙ ኤዲዎች የተወለዱት ከቡለቲን ነው። እኔ ብሆን «ግዴታ» የሚለውን አንብቤ፣ ምክንያቱን አይቼ፣ ከመካኒኬ ጋር ተማክሬ ነው የምወስነው። ሰው እየጫናችሁ በክፍያ የምትሠሩ ኦፕሬተሮች ከሆናችሁ ደግሞ የሥራ ፈቃዳችሁና የጥገና ፕሮግራማችሁ ቡለቲኑንም ሊያስገድዷችሁ ስለሚችሉ እነሱን ተመልከቱ።

ሦስተኛው ሳይብ የሚሉት ነው። ኤፍኤኤ «ይህን ነገር ልብ በሉ» የሚልበት የመረጃ ወረቀት ነው። አያስገድድም።

ደረጃ 1፦ አድራሻችሁን አስተካክሉ

ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። አስቸኳይ ኤዲ ሲወጣ የሚላክላችሁ በምዝገባው መዝገብ ላይ ባለው አድራሻ ነው። አራት ሆናችሁ ገዝታችሁ ምዝገባው በአንዱ አድራሻ ቢሆንና ያ ሰው ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዳላስ ቢሄድ፣ ደብዳቤው የማያውቁት ተከራዮች በር ሥር ወድቆ ይቀራል። ሕጉ የአድራሻ ለውጥ በ30 ቀን ውስጥ ይነገር ይላል። ምዝገባው ራሱ አሁን 7 ዓመት ስለሚቆይ፣ ማደሻው እስኪደርስ አድራሻውን የሚያስታውስ አይኖርም።

ከዚያ በኤፍኤኤ ድረ ገጽ ላይ ለአውሮፕላናችሁ፣ ለሞተራችሁና ለፕሮፔለራችሁ ዓይነት የኢሜይል ማሳወቂያ ተመዝገቡ። ነፃ ነው። አራት ባለቤት ካላችሁ አራታችሁም ተመዝገቡ። «እገሌ ያየዋል» ከተባለ ማንም አያየውም።

ደረጃ 2፦ ሰሌዳዎቹን በዓይናችሁ አይታችሁ ጻፉ

ኤዲ የሚወጣው ለአውሮፕላኑ አካል ብቻ አይደለም። ሞተሩ የራሱ አለው። ፕሮፔለሩም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዕቃዎቹ አሉ፦ ማግኔቶ (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው)፣ ካርቡሬተር፣ የማስነሻ ቁልፍ፣ የወንበር ቀበቶ፣ የድንገተኛ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያ።

የመጨረሻውን ያነሳሁት በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2013 «ንግሥተ ሳባ» የምትባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ለንደን ሂትሮው ቆማ ሳለ ከኋላ ጣሪያዋ አካባቢ እሳት ተነሳባት። ውስጧ ሰው አልነበረም። ምርመራው ነገሩን ተከታትሎ የደረሰው ሞተር ላይ ወይም ክንፍ ላይ አይደለም። ያቺ ትንሽ የድንገተኛ ጊዜ ማስተላለፊያ ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ጋ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ የባትሪው ገመዶች ተቆንጥጠው ነበር። በዚያው ወር ኤፍኤኤ 787 ላይ ያለው ዕቃ ይውጣ ወይም ይመርመር የሚል ኤዲ አወጣ። እንግዲህ ያን የሚያህል አውሮፕላን በዚህች በምታህል ዕቃ ከተቃጠለ፣ እናንተም ዕቃዎቻችሁን ቁጠሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሞተሩን ሽፋን ከመካኒኩ ጋር ክፈቱ። የሞተሩ ሰሌዳ ዘይት ጠጥቶ ስለሚጠቁር በጨርቅ ጥረጉት። ሞዴሉንና ሴሪያል ቁጥሩን እስከ መጨረሻዋ ፊደል ድረስ ጻፉ። ፊደሏ ቀላል አይደለችም፤ አንድ ኤዲ እናንተን የሚመለከት መሆን አለመሆኑ በእሷ ሊወሰን ይችላል። የማግኔቶው ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ሞተሩን ከአብራሪው ክፍል ወደሚለየው ግድግዳ ዞሮ ስለሚቀመጥ ትንሽ መስታወት ወይም ስልካችሁን አስገብታችሁ ፎቶ አንሱት። ፕሮፔለሩ ላይ ቁጥሩ የተመታው መሐሉ ላይ ነው።

«ሎግቡኩ ላይ ተጽፎ የለ? ለምን እደክማለሁ?» የሚል አይጠፋም። ሎግቡኩ የሚነግራችሁ በወቅቱ የነበረውን ነው። ሃምሳ ዓመት የሆናት አውሮፕላን ስንት ማግኔቶ ቀያይራለች! ሞተሩም በሌላ ዓይነት ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ከሰሌዳው ጋር ያልተመሳከረ ዝርዝር ግምት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ «ይሄ ክፍል ተሻሽሏል፣ ስለዚህ ኤዲው አይመለከተኝም» የሚባል ጨዋታ የለም። ክፍል 39 በግልጽ ይለዋል። ዕቃው ተቀይሮም ተሻሽሎም ቢሆን በኤዲው ዝርዝር ውስጥ ስሙ ካለ ይመለከታችኋል። ማሻሻያው ሥራውን የማያሠራ ከሆነ ሌላ አማራጭ አሠራር ማስፈቀድ አለባችሁ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ደረጃ 3፦ ፈልጉ፤ ግን በድሮውም በአዲሱም ስም

ኤፍኤኤ ኤዲዎቹን በሙሉ ዲአርኤስ በሚባለው የኢንተርኔት ቋቱ ውስጥ አስቀምጧል። ማንም ገብቶ ይፈልጋል፤ ክፍያ የለውም።

ሰው የሚሳሳተው ስም ላይ ነው። የሴስና ዓይነት ፈቃድ ዛሬ ያለው በቴክስትሮን አቪዬሽን እጅ ነው። «ሴስና» ብቻ ብሎ የፈለገ ሰው አዲሶቹን ሊያመልጡት ይችላሉ፤ «ቴክስትሮን» ብቻ ያለ ደግሞ የድሮዎቹን። ማግኔቶም እንዲሁ ነው። ቤንዲክስ የነበረው ወደ ኮንቲኔንታል ሄዷል። ስሊክ የነበረው በዩኒሰን በኩል አልፎ ዛሬ ቻምፒዮን ነው። በሁሉም ስም ፈልጉ።

ቁጥሩን ማንበብም ልመዱ። 2011-10-09 የሚል ካያችሁ፣ በ2011 ዓመት (የፈረንጁን ማለቴ ነው)፣ በዓመቱ 10ኛው ሁለት ሳምንት የወጣ 9ኛ ኤዲ ማለት ነው። ከ2000 በፊት የወጡት ዓመቱን በሁለት አኃዝ ነው የሚጽፉት፤ 87-20-03 ዓይነት። መጨረሻው ላይ «አር1» ከተጨመረበት ተሻሽሏል። «ተተክቷል» የሚል ካያችሁ አሮጌውን ትታችሁ አዲሱን ያዙ። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለቱም በአጋጣሚ አይደሉም፤ የ2011ዱ የ87ቱን የተካ ነው። ሎግቡካችሁ ላይ በቅርቡ የተጻፈ ሥራ አሁንም 87-20-03ን የሚጠቅስ ከሆነ አንድ ሰው ከድሮ ዝርዝር እየገለበጠ ነው ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ አንብቡት፤ ርዕሱን ብቻ ሳይሆን

ኤዲ ሲከፈት ያስፈራል። የሕግ ቋንቋ ነው። ግን ቅርፁ ሁሌም አንድ ነው። መጀመሪያ «ማንን ይመለከታል» ወደሚለው ሂዱ። ሞዴላችሁና ሴሪያል ቁጥራችሁ ከሌለ እዚያው ላይ ቁሙ፤ ግን «አይመለከትም፣ ምክንያቱም ሴሪያሉ ከዝርዝሩ ውጭ ነው» ብላችሁ ሠንጠረዣችሁ ላይ ጻፉ። ከርሞ ሌላ ሰው ያንኑ ጥያቄ እንዳይጠይቅ።

ካላችሁ፣ ቀጥሎ ስለ አደጋው የሚናገረውን አንብቡ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምወደው እሱን ነው። ለምን ይህን እንደምትሠሩ ያወቃችሁ ቀን ዓይናችሁ ሌላ ዓይን ይሆናል።

ከዚያ ጊዜው ይመጣል። «ከሚቀጥለው በረራ በፊት» ከተባለ አውሮፕላኗ አሁኑኑ ትቆማለች። «በ100 የአገልግሎት ሰዓት ወይም በ12 ወር፣ ቀድሞ በደረሰው» ከተባለ ሰዓቱንም ወሩንም ትቆጥራላችሁ። «ዘግይቶ በደረሰው» የሚልም አለ፤ አንዷ ቃል ሁሉን ትገለብጣለችና ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀንና ሥራው የሚያልቅበት ቀንም የተለያዩ ናቸው።

ሌላ የምፈልጋችሁ ነገር «ጊዜያዊ እርምጃ» የሚለውን አንቀጽ እንድትፈልጉ ነው። እሱ ካለ ነገሩ አላለቀም፤ ሌላ ኤዲ ይጠብቃችኋል ማለት ነው። እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ልንረሳው የማንችለው ምሳሌ አለ። የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2018 ከወደቀ በኋላ፣ ኖቬምበር 7 ላይ ኤፍኤኤ 2018-23-51 የተባለ አስቸኳይ ኤዲ አወጣ። ያ ኤዲ አንድ ብሎን አላስፈታም። ያዘዘው የበረራ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ጽሑፍ በ3 ቀን ውስጥ እንዲስተካከል ነው። እዚያው ላይ ጊዜያዊ እርምጃ መሆኑ ተጽፏል። ኤዲው ከወጣ አራት ወር ባለፈ በቀናት ውስጥ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነስቶ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። ሶፍትዌሩን እንዲቀየር፣ የገመዶቹን አቀማመጥ እንዲስተካከል፣ የሴንሰሩን ሥርዓት እንዲፈተሽ ያዘዘው ኤዲ 2020-24-02 የመጣው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ነው።

የናንተ ሴስና ማክስ አይደለችም። ግን «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ያለበት ኤዲ ሠንጠረዣችሁ ላይ ካለ በቀይ አክብቡት።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን አስሉ

መጀመሪያ የትኛውን ሰዓት እንደምትቆጥሩ እወቁ። ሕጉ «የአገልግሎት ሰዓት» የሚለው ጎማው መሬት ከለቀቀበት እስኪነካበት ያለውን ነው። ሆብስ የሚሉት ቆጣሪ መሬት ላይ ስትሽከረከሩም ይቆጥራል፤ ስለዚህ ይበዛል። አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ታኮሜትሩ (የሞተሩ ዙር መቁጠሪያ፣ በአጭሩ ታኮ) ላይ ያለውን ነው። የትኛውንም ያዙ፤ መሐል ላይ ግን አትቀያይሩ። አንዱ ባለቤት በሆብስ፣ ሌላው በታኮ እየጻፈ ያበላሸውን ሎግቡክ ማስተካከል ማለት የተዋሐደ ሽሮና በርበሬ መለየት ነው።

አንድ ወጥመድም አለ። በክፍያ የሚበሩ አውሮፕላኖች የ100 ሰዓት ፍተሻ ሲደርስባቸው፣ ፍተሻው ወደሚደረግበት ቦታ ለመድረስ እስከ 10 ሰዓት ማሳለፍ ይፈቀድላቸዋል። ይህ ለፍተሻው ነው። ለኤዲው አይሠራም። ኤዲው 100 ካለ 100 ነው፤ 100.1 አለፈ።

አሁን ስሌት ወደሚፈልገው እንሂድ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 2018 ፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች ላይ የበረራ ትምህርት ቤት የነበረ አንድ ፓይፐር አውሮፕላን ከተነሳ በኋላ ግራ ክንፉ ተገነጠለ። ሁለት ሰዎች ሞቱ። ችግሩ ክንፉን ከአካሉ ጋር በሚይዘው ዋና አግዳሚ፣ ስፓር በሚሉት፣ የታችኛው ብሎን ቀዳዳ ላይ የጀመረ የድካም ስንጥቅ ነበር። ከዚያ በ2021 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ኤዲ 2020-26-16 መጣ። የተወሰኑ የፓይፐር ፒኤ-28 እና ፒኤ-32 ሞዴሎችን ይመለከታል።

ኤዲው አውሮፕላኑ የበረረውን ሰዓት ብቻ አይቶ አይፈርድም። እንዴት እንደበረረም ይጠይቃል። ተማሪ የሚደበድበው አውሮፕላንና ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ለመጠጣት የሚወጣው አንድ አይደሉምና። ስሌቱ ይህ ነው፦ የተደረጉትን የ100 ሰዓት ፍተሻዎች ቁጥር በ100 አባዙ። ከጠቅላላ ሰዓቱ ላይ ያንን ቀንሱና የቀረውን ለ17 አካፍሉ። ሁለቱን ደምሩ። 5,000 ከደረሰ ቀዳዳዎቹ ይመረመራሉ።

ሁለት አውሮፕላን እናወዳድር። አንደኛው 8,000 ሰዓት በሯል፤ 40 የ100 ሰዓት ፍተሻ አለው። 4,000 ሲደመር፣ የቀረው 4,000 ለ17 ተካፍሎ 235 ገደማ፤ ድምሩ 4,235። ገና ነው። ሁለተኛው የበረረው 7,000 ብቻ ነው፤ ግን 55 ፍተሻ አለው። 5,500 ሲደመር 1,500 ለ17 ተካፍሎ 88፤ ድምሩ 5,588። ይህኛው ይመረመራል። ሰዓቱ አነስ ያለው ቀድሞ ደረሰ።

ልብ በሉ፣ ስሌቱ የቆመው በሎግቡክ ላይ ነው። ሎግቡኩ ከጠፋ ወይም ከጎደለስ? ኤዲው ለእሱም መልስ አለው፦ መዝገብ የጎደለው አውሮፕላን በቀጥታ ከሚመረመሩት ጋር ይደመራል። ሻጭ «አንዱ ሎግቡክ ቤት ስንቀይር ጠፋ» ሲላችሁ ዋጋ የምትቀንሱት ለዚህ ነው።

(ምርመራው የሚካሄደው «ኤዲ ከረንት» በሚባል የኤሌክትሪክ ዘዴ ነው። ከእኛ ኤዲ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። በአማርኛ ሲጻፉ ብቻ ነው መንታ የሚመስሉት። መካኒኩ «የኤዲ ኤዲ ከረንት ተሠርቷል» ሲላችሁ ግራ እንዳትጋቡ።)

ደረጃ 6፦ አሠሩት፤ ስትችሉ አጠገቡ ሁኑ

ኤዲን መፈጸም የመካኒክ ሥራ ነው። ባለቤቱ አብራሪ ቢሆንና ዘይት መቀየር ቢፈቀድለትም፣ ኤዲው ራሱ «አብራሪ ይሥራው» ካላለ አይነካም። እንዲያ የሚሉ አሉ። የቤንዲክስ ማስነሻ ቁልፍን የሚመለከተው 76-07-12 አንዱ ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ ሳለ ቁልፉን ከ«አጥፋ» አሳልፋችሁ እስከ ጫፍ ታዞራላችሁ። ሞተሩ መተኮስ ካቆመ ጥሩ ነው። ካላቆመ ቁልፉ ማግኔቶውን አላጠፋም ማለት ነው፤ ፕሮፔለሩን በእጁ የነካ ሰው ሊሞት ይችላል። በየ100 ሰዓቱ ይደገማል።

የወዳጄ ሴስና ላይ ግን በእጄ ያሳየሁት 2011-10-09ን ነው፤ የወንበር ሐዲዱን። በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ12 ወሩ የሚደጋገም ነው። ታሪኩ ይህ ነው፦ አውሮፕላኑ ለመነሳት አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ በደንብ ያልተቆለፈ ወንበር ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አብራሪው መሪውን ይዞ ነው የሚንሸራተተው። ስለዚህ አፍንጫው ይበልጥ ቀና ይላል፤ ፍጥነት ይወድቃል፤ አውሮፕላኑም አብሮ።

ወንበሩን አወጣነው። ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተኛሁ፤ እግሬ ከበሩ ውጭ ነው። ባትሪ አበራሁ። ሐዲዱ ላይ በመስመር የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉ፤ የወንበሩ ፒን የሚገባው እነሱ ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀዳዳዎች ክብ ናቸው። አራተኛውና አምስተኛው፣ ማለትም ሁሉም አብራሪ የሚቀመጥባቸው፣ እንቁላል መስለዋል። ውስጣቸው አሸዋና የኩኪስ ፍርፋሪ ጠቅጥቆ ይዟል። በኩክ ማውጫ ጥጥ ጠረግናቸው። ቆሻሻ ያለበት ቀዳዳ ፒኑን እስከ ታች አያስገባም፤ ስለዚህ ሳይጠረግ መለካት ከንቱ ነው። ከዚያ ለካን። ኤዲው የአንድ ቀዳዳ ስፋት ከ0.42 ኢንች ካለፈ ሐዲዱ ይቀየር ይላል። ወዳጄን ጣቱን ቀዳዳው ላይ አስደረግኩት። ጠርዙን ሲዳስስ ፊቱ ተለወጠ። የሦስተኛ ሰው ፊርማ ያልነገረውን ጣቱ ነገረው።

ሐዲዱ ላይ ስንጥቅ፣ የሮለሮቹ መበላት፣ የፒኑ ወደ ቀዳዳ መግባት፣ የስፕሪንጉ ጉልበት፣ ሁሉም ይታያል። ስትጨርሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ቆልፋችሁ፣ በእግራችሁ ወደ ኋላ ግፉ። ይህን የመጨረሻውን ኤዲ ባይኖርም በየበረራው አድርጉት።

ደረጃ 7፦ ጻፉት

«ኤዲ በሙሉ ተፈጽሟል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምንም አይናገርም። ሕጉ መዝገባችሁ ውስጥ የሚፈልገው የኤዲውን ቁጥርና ማሻሻያ ቀኑን፣ በምን ዘዴ እንደተፈጸመ፣ የሚደጋገም ከሆነ ደግሞ ቀጣዩ በስንት ሰዓትና በየትኛው ቀን እንደሆነ ነው። ሥራውን የሠራው ሰው ደግሞ የሠራውን ይገልጻል፤ ቀን፣ ፊርማ፣ የፈቃድ ዓይነትና ቁጥር ያስቀምጣል። እንዲህ የሚመስል ነገር፦

«በታኮ 3,412.6፦ ኤዲ 2011-10-09 ሥራ ላይ የዋለው ጁን 17, 2011። የሁለቱም የፊት ወንበሮች ሐዲድ፣ ፒን፣ ሮለርና ስፕሪንግ በኤዲው መሠረት ተመርምሯል። የአብራሪው የውጭ ሐዲድ ከልክ በላይ ተበልቶ ስለተገኘ በአዲስ ተተክቷል። ቀጣይ፦ በታኮ 3,512.6 ወይም ከ12 ወር በኋላ፣ ቀድሞ በደረሰው።»

ከሎግቡኩ ሌላ የራሳችሁ ሠንጠረዥ ይኑራችሁ። ኤክሴል ይበቃል። ለአካሉ፣ ለሞተሩ፣ ለፕሮፔለሩና ለዕቃዎቹ አራት ገጽ። አምዶቹ፦ ቁጥር፣ ጉዳዩ፣ ይመለከታል ወይስ አይመለከትም፣ ለምን፣ መቼና በስንት ሰዓት ተፈጸመ፣ እንዴት፣ አንዴ ነው ወይስ ይደጋገማል፣ ቀጣዩ መቼ ነው። ከዚያ አጠገብ ኤዲ ያልሆኑትንም የጊዜ ገደቦች ብታኖሩ አይከፋም፦ ዓመታዊው ፍተሻ በ12 ወር፣ ትራንስፖንደር (ለራዳር መልስ የሚሰጠው መሣሪያ) በ24 ወር፣ በመሣሪያ ለሚበር የከፍታ መለኪያው ሥርዓት በ24 ወር፣ የድንገተኛ ማስተላለፊያው በ12 ወር።

ሠንጠረዡን በወር አንዴ ክፈቱት። ዓመታዊ ፍተሻ ባለፈ በነጋታው አዲስ ኤዲ ሊወጣ ይችላል። መካኒኩ የፈረመው እስከዚያ ቀን ላለው ነው፤ ቀሪው አሥራ አንድ ወር ከምናምን የናንተ ነው።

አውሮፕላኑን ስትሸጡ የኤዲ መዝገቡ አብሮ ይሄዳል። ስትገዙም አብሮ ይምጣ በሉ፤ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት።

ደረጃ 8፦ ጊዜው ካለፈባችሁ ወይም ካልተመቻችሁ

ሩቅ ሜዳ ላይ ሳላችሁ ጊዜው ቢያልፍ «አንዴ ብቻ ወደ ቤት ልብረር» አትበሉ። ልዩ የበረራ ፈቃድ፣ በተለምዶ ፌሪ ፐርሚት፣ ከአካባቢው የኤፍኤኤ ቢሮ ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ መካኒክ አይቶ «ለዚህች በረራ ደህና ነው» ብሎ መፈረም አለበት፤ ሰው መጫንም ይከለከላል። አንዳንድ ኤዲ ግን ራሱ ፌሪን ይከለክላል ወይም ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። መጨረሻው አካባቢ ያለውን አንቀጽ አንብቡ።

ሥራውን ኤዲው ባለው መንገድ መሥራት ካልቻላችሁ፣ ወይም ያው ደኅንነት በሌላ መንገድ ይገኛል ብላችሁ ካመናችሁ፣ አሞክ የሚሉት አለ፤ አማራጭ የአፈጻጸም ዘዴ ነው። ኤዲው ላይ የተጠቀሰው የኤፍኤኤ ቢሮ ኃላፊ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ይሠራል። መካኒካችሁ «ይሄም ያው ነው» ቢላችሁ አሞክ አይሆንም። ሌላ ሰው ያገኘው አሞክም ለእናንተ የሚሠራው ጽሑፉ የእናንተን አውሮፕላን የሚያቅፍ ሲሆን ነው።

ወዳጄና ጓደኞቹ በመጨረሻ ገዟት። ሻጩ ለሐዲዱ ዋጋ ቀነሰላቸው። ሁለቱን ቅዳሜ ሎግቡኮቹን ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ ሲያነሱ ነው ያሳለፉት፤ አንዱ ይገልጣል፣ አንዱ ያነሳል፣ ሦስተኛው ሠንጠረዡ ላይ ይጽፋል። አራተኛው ቡና ያፈላል። እሱም አድራሻውን ገና አላስተካከለም፤ ሰኞ አስተካክላለሁ ብሏል።